የሣር አጫጁ ዓሣ ቀለብ ጉዳይ

ይድረስ ለተከበረው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፤

ለአንባቢያን በተፈቀደው በዚህ ዐምድ ስለ ውሃ መቋረጥ፤ ስለ መንገድ መበላሸት፤ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጎረቤት ጩኸት ብዙ ሲጻፍ እናነባለን። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገሩ የአንድ ትንሽ ዓሣ ነገር ነውና። ይሁን እንጂ ዓሣው ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው፤ የሚገዛውም በገንዘብ ነው፤ የሚሞተውም ብዙውን ጊዜ በረኃብ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሚራበው የተሰጠውን ሥራ በትጋት ስለ ፈጸመ መሆኑ ነው። ይህን የመሰለ ፍርድ በአንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ላይ ቢደርስ ኖሮ አቤቱታው ለዚህ ዐምድ ባልበቃው ነበር።

የጨው ውሃ አኳሪየም አይተው የማያውቁ አንባቢዎች ስለሚኖሩ በመጀመሪያ ስለዚያ ጥቂት ልበል። በየቤቱና በየሆቴሉ የምናየው ወርቃማ ዓሣ የሚዋኝበት መስታወት የጣፋጭ ውሃ ነው። እኔ የምናገርለት ግን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው ተበጥብጦበት፤ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆ፤ በውስጡ ባክቴሪያ የሰፈረበት ድንጋይና ሕያው ኮራል የሚቀመጥበት ነው። ኮራልን በቤት ውስጥ ማኖር የረቀቀ ፋብሪካ የሚጠይቅ ይመስላቸው የነበሩትን ያስደነቀው፤ ሊ ቺን ኤንግ የተባለው የጃካርታ ሰው በ1961 እ.ኤ.አ. ከባሕር በወጣ ሕያው ድንጋይና በአየር ፓምፕ ብቻ እንደሚሆን ጽፎ ማሳወቁ ነበር። ዛሬ በዱባይ የገበያ አዳራሽ ያለውን ታላቅ የዓሣ መስታወት አይቶ የመጣ ሰው ሁሉ፤ ትንሹን እንኳ በሳሎኑ ጥግ ለማቆም ቢመኝ አይፈረድበትም።

ምኞቱ ሰምሮ መስታወቱ በቆመ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን እንግዳ ሳይጠራ ይመጣል። ይኸውም በትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ፤ በተለምዶ አልጌ የሚባለው ነው። አስቀድሞ አሸዋውን እንደ ሻይ አተላ ያለ ቡናማ ነገር ያለብሰዋል። ቀጥሎ በመስታወቱ ላይ አረንጓዴ ጭጋግ ይጋርዳል። ቆይቶም በድንጋዩ ላይ እንደ ፀጉር የሚውለበለብ ሣር ይበቅላል። ባለቤቱ ይጨነቃል፤ ይጠይቃል። የሚሰጠውም ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሣር አጫጁን ዓሣ ግዛ ይሉታል።

ሣር አጫጁ የተባለው እንግሊዞች ሎን ማወር ብሌኒ የሚሉት ነው። የሳይንስ ስሙ ሳላሪያስ ፋሽያተስ ሲሆን፤ በመጀመሪያ ጽፎ ያሳወቀው ማርከስ ብሎክ የተባለው የበርሊን ሐኪም በ1786 እ.ኤ.አ. ነው። ቁመቱ ቢበዛ 14 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አካሉ ረዘም ያለና ቅርፊት የሌለው ነው፤ ቀለሙ ቡናማና ወይራ መሳይ ሆኖ ጠቆር ያሉ መስመሮችና ነጣ ያሉ ነጥቦች አሉበት። በፈራ ወይም በተቆጣ ጊዜ ቀለሙን ያጠቁራል፤ ያፈካልም። ዓይኖቹ ከራሱ ላይ ወጣ ብለው የተቀመጡ ስለ ሆኑ አንዱ ወዲህ ሲያይ ሌላው ወዲያ ሊያይ ይችላል። ከዓይኖቹ በላይ እንደ ቅንድብ ያሉ ቅርንጫፋም ነገሮች በቅለውበታል። እንደ ሌሎች ዓሦች በውሃው መካከል ተንሳፎ አይውልም፤ በሆዱና በደረቱ ክንፎች ተደግፎ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ሲደነግጥ በጅራቱ ወደ ጉድጓዱ ይገባና ፊቱን ብቻ ወደ ውጭ አድርጎ፤ ደጅ ጠኚ እንደ በዛበት የመዝገብ ቤት ሹም በመስኮቱ ይመለከታል። ይህን ሁኔታውን ያየ ሰው ሳይወደው አይቀርም። ለብዙ ዓመት የተለያየ ዓሣ ያሳደጉ ሰዎች እንኳ ከቀለማሞቹ ይልቅ ይህን መልከ ጥፉ ሲያሞግሱ ሰምቻለሁ፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

አገሩም ከእኛ የራቀ አይደለም። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጀምሮ በሕንድ ውቅያኖስ አልፎ እስከ ሳሞዋ ደሴቶች ድረስ፤ ጥልቀት በሌለው የኮራል ዳርቻ ይኖራል። የቀይ ባሕርን ዓሦች በዝርዝር ካጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል፤ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር ዘልቋል። ከ1835 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተመውም ሥራ የሀገራችንን የየብስ እንስሳትና የቀይ ባሕርን ዓሦች በአንድ ርእስ ሥር አቅርቧቸዋል። ምጽዋና የዳህላክ ደሴቶች ዛሬ በኤርትራ ግዛት ያሉ ቢሆኑም፤ ቀይ ባሕርን በካርታ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ዓሣ የሩቅ አገር ብርቅ ሳይሆን የጎረቤት ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ቀለቡ ልመለስ። በከንፈሩ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ፤ ቀጫጭንና የሚተጣጠፉ ብዙ ጥርሶች አሉት። በእነዚህ ድንጋዩንና መስታወቱን ከማለዳ እስከ ማታ እየፋቀ ይለቅማል። በመስታወቱ አረንጓዴ ጭጋግ ላይም የከንፈሩን ማኅተም አትሞ ያልፋል። ነገር ግን ማበጠሪያ ማጭድ አይደለም። ሥር ሰዶ የረዘመውን ፀጉር መሳይ ሣር ከሥሩ ነቅሎ ለመብላት አቅም የለውም። ቀይ ንፍጥ የሚመስለውን፤ በእውነቱ ባክቴሪያ የሆነውን ሽፋንም አይነካውም። እንደ አረንጓዴ ፊኛ ያበጠውን የአልጌ ዓይነትማ ዞር ብሎም አያየውም። ሣር አጫጅ የሚለው ስም እንግዲህ የገበያ ስም ነው ማለት ነው።

በአውስትራሊያ የኮራል ዳርቻ የዚህን ወገን ዓሦች ሆድ ዕቃ የመረመሩ ሊቃውንት ያገኙት ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። በሆዳቸው ውስጥ የሚበዛው አልጌው ራሱ ሳይሆን በአልጌው መካከል የሚጠራቀመው ዝቃጭ ነው፤ ይኸውም የበሰበሰ ብናኝ፤ ባክቴሪያና በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን የተቀላቀሉበት ነው። በባሕር ዳርቻ ላይ ይህ ዝቃጭ በየቀኑ በማዕበል እየመጣ ይጠራቀማል፤ አያልቅም። በቤታችን ያለው የመቶ ወይም የሁለት መቶ ሊትር መስታወት ግን ሌላ ነው። አዲስ በሆነና ባለቤቱ በሚወለውለው መስታወት ውስጥ ዓሣው በሁለትና በሦስት ሳምንት የሚፋቀውን ሁሉ ፍቆ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላስ?

ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ደስ ብሎት ወዳጆቹን ይጠራል፤ መስታወቱ ጠርቷልና። ዓሣው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ደመወዝ ነው። ደመወዙ ያ እንዲያጠፋው የተቀጠረበት ሣር ነበር። ሥራውን በሠራ መጠን ገበታው እየተነሣ ሄዶ፤ ሥራው ባለቀ ቀን የሥንብት ደብዳቤው ይደርሰዋል። ጩኸት የለው፤ አቤቱታ የለው። እየፋቀ መዋሉን አይተውም፤ የሚፋቅ ነገር ግን የለም። የሚያየው ሰው ሁሉ ምግቡን እየበላ ይመስለዋል። ሆዱ ግን ወደ ውስጥ እየሰረጎደ፤ ከራሱ በስተኋላ ያለው ጀርባው እየከሳ ይሄድና አንድ ቀን ጧት ከጉድጓዱ አይወጣም። ባለቤቱም ምናልባት ውሃው ሳይስማማው ቀርቶ ይሆናል ብሎ ያዝናል፤ ሌላም ይገዛል።

ይህን የምጽፈው ገዢውን ለመውቀስ አይደለም። አንድ ሻጭ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ፤ ይህ ዓሣ ምንም ምግብ መስጠት አያስፈልገውም፤ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል ብሎ ሲያስረዳው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሻጩ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ እሱም ከሌላ የሰማውን ነው የተናገረው። ሆኖም ራሱን በራሱ ያስተዳድራል የሚባል እንስሳ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የለም። በሩን የዘጋንበት እኛ ነን።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ በእኔ አስተያየት የጉዳዩ ሥር ይህ ነው። አልጌ የሚበቅለው ምግብ ስላለው ነው። ምግቡም ከዓሦች ኩስና ከተረፈ ቀለብ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት ነው፤ ሳይጣራ የተቀዳ የቧንቧ ውሃም የራሱን ይጨምርበታል። ብርሃን ከ8 ወይም ከ10 ሰዓት በላይ ሲበራ ደግሞ ይፋፋማል። ዓሣው ሣሩን በላ ማለት ፎስፌቱ ከቤት ወጣ ማለት አይደለም። ጧት የበላውን ከሰዓት በኋላ ያወጣዋል፤ ያወጣውም ተመልሶ የሣሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ፋይል ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ተዛወረ እንጂ ጉዳዩ አልተፈጸመም፤ ይህን የእኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በቀላሉ ይረዱታል።

ጉዳዩን የሚፈጽመው የባለቤቱ እጅ ነው። ረጅሙን ሣር በእጅ ነቅሎ ከውሃው ማውጣት፤ ከሣጥኑ ውሃ በየሳምንቱ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል መለወጥ፤ በሪቨርስ ኦስሞሲስ በተጣራ ውሃ መጠቀም፤ ቀለብ አለማብዛት፤ አቅም ያለውም አረፋ እየሠራ ቆሻሻ የሚያወጣውን መሣሪያ ማቆም ነው። ፎስፌቱ በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ሣሩ ራሱ ይደክማል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ዓሣው የሚቀረውን ጭጋግ ቢጠርግ እሰየው፤ መልካም ረዳት ነው። ለባለቤቱ ስንፍና ተተኪ ሆኖ ሲቀጠር ግን ሁለቱም ይጎዳሉ።

እንግዲህ ምን ይብላ? በመጀመሪያ ነገር መስታወቱ ከቆመ ቢያንስ ጥቂት ወራት ሳያልፉ ዓሣውን አለማስገባት ነው። ድንጋዩ እስኪያረጅና ዝቃጭና ጭጋግ እስኪይዝ ድረስ ይቆይ። ሣጥኑም ከ100 ሊትር ያላነሰ፤ ድንጋዩም የበዛ ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ፤ የኋላውን መስታወት አለመወልወል ነው። ፊት ለፊቱ ለእንግዳ ይጽዳ፤ ኋላው የዓሣው እርሻ ሆኖ ይቅር። እንግዶች ቢታዘቡም ግድ የለም።

ሦስተኛው ገበታውን በእጅ ማቅረብ ነው። ጃፓኖች ሩዝ የሚጠቀልሉበት ኖሪ የተባለ የደረቀ የባሕር ቅጠል አለ። ጨውና ቅመም ያልገባበትን መርጦ፤ ትንሽ ቆርጦ በጎማ ከድንጋይ ላይ ማሰር ነው። በውሃው ላይ ቢንሳፈፍ ይህ ዓሣ ሄዶ አይበላውም፤ የለመደው ከድንጋይ ላይ መፋቅ ነውና። በፈላ ውሃ አንድ ጊዜ የተነከረ የስፒናች ቅጠል ወይም ስስ ሆኖ የተቆረጠ ዙኪኒም ይስማማዋል፤ ሳይበላው ካደረ ግን አውጥቶ መጣል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ስፒሩሊና የተባለው አረንጓዴ ዱቄት የተቀላቀለበት የዓሣ ቀለብ ነው።

ስለ ስፒሩሊና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በውጭ አገር ታሽጎ የሚሸጠው ይህ ነገር ወገኑ በሀገራችን ሐይቆች ተፈጥሮ የሚገኝ ነው። በቢሾፍቱ አካባቢ ያለውን ሐይቅ አረንጓዴ ያሰኘው፤ በስምጥ ሸለቆም የጪቱን ሐይቅ ውሃ እንደ ጎመን ያስመሰለው ይኸው በዓይን የማይታይ ጥምዝምዝ ፍጥረት ነው። በጪቱ ዳር በሺህ የሚሰበሰቡት ፍላሚንጎዎች የሚመገቡት እሱን ነው፤ ቀይ ቀለማቸውም ከእሱ የመጣ ነው። ፍላሚንጎው በምንቃሩ አጣርቶ፤ የባሕሩ ዓሣ በከንፈሩ ፍቆ፤ ሁለቱም ከአንድ ማዕድ ይበላሉ ማለት ነው።

ዓሣው የቀረበለትን ሁሉ ወዲያው ላይበላ ይችላል። አንዳንዱ ከባሕር እንደ ወጣ የሰው እጅ ቀለብ መሆኑን ጨርሶ አያውቀውም፤ ለሳምንታት ዞር ብሎ አያየውም። ይህን ጊዜ ተስፋ አለመቁረጥና በየቀኑ በአንድ ቦታ፤ በአንድ ሰዓት ማቅረብ ይረዳል። አንዴ ከለመደ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል።

የተራበ ዓሣ ጠባዩም ይለወጣል። በደኅናው ጊዜ ኮራልን የማይነካው፤ ሲቸግረው የኮራሉን ሥጋና የትልልቅ ዛጎሎችን ከንፈር መልቀም ይጀምራል። ባለቤቱም ጠበኛ ሆነብኝ ይላል። ጠብ የሚፈልገው በእርግጥ ከአንድ ወገን ጋር ነው፤ መልኩን ከሚመስል ሌላ ብሌኒ ጋር። በአንድ ሣጥን አንድ ብቻ ይበቃል። ከመስታወቱም ዘሎ ስለሚወጣ ላዩን በወንፊት መክደን ያስፈልጋል።

ብሌኒ የተባለ ሁሉ ደግሞ ሣር ፋቂ እንዳይመስላችሁ። ወገኑ 400 ያህል ዓይነት አለው። በቀይ ባሕር ጭምር የሚኖረው አስፒዶንተስ የተባለው፤ የሌሎችን ዓሦች ቁስልና ተባይ የሚያጸዳውን ዓሣ መልክና አረማመድ አስመስሎ ይቀርብና፤ ታማሚው ሐኪም መጣ ብሎ ሲቆምለት ክንፉን ነክሶ ይሮጣል። ሻጩ ብሌኒ ነው ስላለ ብቻ መግዛት እንግዲህ አደጋ አለው።

በከተማችን ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ከባሕር ዳር ነዋሪ ይልቅ አንድ ጭንቀት ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር የባሕር ውሃ በምጽዋ ወደ 6.7 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ሲይዝ፤ እዚህ የሚይዘው ወደ 5 ሚሊ ግራም ነው። በቀን አልጌው ራሱ ኦክሲጅን ያወጣል፤ ሌሊት ግን እሱም ከዓሣው ጋር ተሻምቶ ይተነፍሳል። እንግዲህ መብራት በሌሊት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም፤ በባሕር ዳር ከተማ ለሰዓታት የሚታገሠው ሣጥን በእኛ ቤት ቶሎ ይጨነቃል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም ጌጥ በፊት መገዛት አለበት እላለሁ። ኮራል ለማስቀመጥ ገንዘብ አውጥቶ ለባትሪ መሰሰት ምን እንደሚባል አላውቅም።

ለመግዛት ቆርጦ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሻጩን፤ እስቲ በፊቴ አብላው ይበለው። ቢበላ ይግዛው፤ ባይበላ በሌላ ቀን ይመለስ። በሱቅ መስታወት ውስጥ ሳምንታት ተቀምጦ የከሳውን አዝኖ መግዛት ብዙ ጊዜ ለመቅበር መግዛት ነው። ዓሣውን ዛሬ በቤታቸው የያዙ አንባቢዎች ደግሞ ማታ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ከፊት ሳይሆን ከጎን ይመልከቱት። ሆዱ ሞላ ብሎ ከደረቱ ጋር ቢስተካከል ደኅና ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ ቢያዩት ግን ኖሪውን ለነገ አያሳድሩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ